ካሜራው ሲቆም ምስሉም እንዲቆም፦ ለዝግጅት ቀረጻ ትራይፖድ የመምረጥ ማስታወሻ

ቀን 1

ዛሬ ጠዋት ያለፈውን ቀረጻ ለኤዲቲንግ ከፈትኩት። ድምፁ ጥሩ ነው። ብርሃኑም ጥሩ ነው። ፎከሱ አልሳተም። ግን ተናጋሪዋ መድረኩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በተራመደች ቁጥር ካሜራውን አብሬያት አዞራለሁ። እሷ ስትቆም እኔም አቆማለሁ። ምስሉ ግን አይቆምም። ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ቆርጬ አወጣው ነበር። በ40 ደቂቃ ንግግር ውስጥ ከ30 ጊዜ በላይ ቆጠርኩ።

የዝግጅት ቀረጻ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪዋን «እባክሽ እንደገና ተራመጂልኝ» ማለት አይቻልም። ያመለጠ አመለጠ። ቀረጻውን የሚጠብቁት ሰዎች ያቺን ቀን ዳግም አያገኟትም፤ ስለዚህ ነገሩ በጣም ከነከነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሁለት ቀን ዝግጅት አለብኝ። ጠዋት ጠዋት ንግግር፣ ከሰዓት ሙዚቃ። ሦስት ካሜራ አለኝ፦ አንዱ ከአዳራሹ ኋላ ሆኖ ሰውን በቅርብ የሚከተል፣ አንዱ መድረኩን በሰፊው የሚይዝና ማንም የማይነካው፣ አንዱ ደግሞ በሰው መሃል የሚዘዋወር። እስከዚያ ድረስ የካሜራ መደገፊያዎቼን አንድ በአንድ እፈትሻለሁ። የሚለወጠውን እለውጣለሁ፣ የሚቀረውን አስቀራለሁ። ያየሁትንም በየቀኑ እዚህ እጽፋለሁ።

ቀን 2

ለመፈተሻ ረጅም ኮሪደር አገኘሁ። ከግድግዳው 20 ሜትር ርቄ ትራይፖዱን፣ ማለትም ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ መቆሚያ፣ ተከልኩ። ግድግዳው ላይ በሴንቲሜትር የተሰመረ ረጅም ወረቀት ለጠፍኩ። ካሜራዬ ፉል ፍሬም ነው፤ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር ትልቅ የሆነበት ዓይነት። ሌንሱን 200 ሚሊሜትር ላይ አደረግኩት፤ ከአዳራሽ ኋላ ሆኜ የተናጋሪን ፊት ስቀርጽ የምጠቀመው እሱን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሴንሰሩ 36 ሚሊሜትር ስፋት አለው። በ200 ሚሊሜትር ሌንስ፣ 20 ሜትር ርቀት ላይ ምስሉ የሚይዘው ስፋት 3.6 ሜትር ነው። የምስሉ ወርድ 3840 ፒክስል ስለሆነ አንድ ፒክስል ግድግዳው ላይ ከ1 ሚሊሜትር ትንሽ ያንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የማነበው ሚሊሜትር ፒክስል ማለት ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ፈተናው ይህ ነው። ካሜራውን በዝግታ አዞራለሁ። አንድ መስመር ላይ ስደርስ አቆማለሁ። ከዚያ እጄን ከመያዣው ላይ አነሳና ምስሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደተመለሰ አያለሁ። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት። ውጤቱ ሁልጊዜ 7 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። 75 ፒክስል ገደማ መሆኑ ነው።

ሌንሱን ወደ 24 ሚሊሜትር ቀይሬ ያንኑ ፈተና ደገምኩ። ያው 7 ሴንቲሜትር አሁን 9 ፒክስል ብቻ ነው። ለካ እስከ ዛሬ ችግሩን ያላየሁት ለዚህ ነው። ድሮ የምሠራው ከመድረኩ ሥር ሆኜ፣ በሰፊ ሌንስ ነበር። ትራይፖዱ ያኔም ይመለስ ነበር፤ ዓይኔ ግን አላየውም። ወደ አዳራሹ ኋላ ስሄድና ሌንሱ ሲረዝም ያው ጉድለት ጎልቶ ወጣ።

ቀን 3

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የካሜራውን የምስል ማረጋጊያ ነው። ካሜራው በእጅ ሲያዝ ያ ነገር ትልቅ ውለታ ይውላል። ትራይፖድ ላይ ግን ሆን ብዬ ሳዞረው መንቀጥቀጥ መስሎት ሊያርመኝ ይሞክራል። ስቆም ደግሞ ወደ መካከል ለመመለስ ይንሸራተታል። አጠፋሁት። መመለሱ ከ7 ወደ 5.5 ሴንቲሜትር ወረደ። የእንቅስቃሴው መልክም ተለወጠ። ቀድሞ ለስላሳ መንሸራተት ነበረበት፤ አሁን የቀረው እንደ ሞላ ቶሎ ብሎ መመለስ ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበው ነበር።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ፕሌቱ ነበር፤ ካሜራውን ከትራይፖዱ ጋር የሚያያይዘው ጠፍጣፋ ብረት። ረጅሙን ሌንስ አስሬ ፕሌቱን ከካሜራው ሥር ነው ያሰርኩት። ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ተንጠልጥሏል። ሌንሱ የራሱ ማሰሪያ ቀለበት አለው፤ ከቦርሳ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አውጥቼ ገጠምኩት፣ ፕሌቱንም ወደ እሱ አዛወርኩት። ብሎኑንም በጣቴ ብቻ ሳይሆን በመፍቻ አጠበቅኩት። አሁን 5 ሴንቲሜትር።

ይቺ ግማሽ ሴንቲሜትር ትንሽ ትመስላለች። ግን በፕሌቱ ላይ ያለው ለስላሳ ላስቲክ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ካሜራው እንደሚወዛወዝ በዓይኔ አየሁ። ካሜራ ጠንካራ ነገር ላይ ካልተቀመጠ ከሥሩ ያለው ሁሉ ጥሩ ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

ቀን 5

ከትራይፖዱ እግሮች መሃል ከፍ ዝቅ የሚለውን ምሰሶ ተመለከትኩ። ከሰው ጭንቅላት በላይ ለማየት ብዬ 25 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጌው ነበር። ዝቅ አድርጌ ፈተናውን ደገምኩ። ከ5 ወደ 3 ሴንቲሜትር! በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ይህን ያህል ለውጥ አልጠበቅኩም።

ሳስበው ግን ግልጽ ነው። እግሮቹ ሦስት ሆነው፣ ተራርቀው፣ ተደጋግፈው ነው የሚቆሙት። ምሰሶው ግን አንድ ቀጭን ዘንግ ነው። ካሜራውን እሱ ጫፍ ላይ ስሰቅለው ሦስቱ እግሮች የሰጡኝን ጥንካሬ መልሼ ጣልኩት ማለት ነው። ከእንግዲህ ለቪዲዮ ምሰሶውን አልነካም። ቁመት ከፈለግኩ ረጅም እግር ያለው ትራይፖድ እይዛለሁ።

የቀረው 3 ሴንቲሜትር አሁንም ብዙ ነው። እርግጠኛ ነኝ፣ ጥፋቱ የሄዱ ነው፤ እግሮቹ ላይ ተቀምጦ ካሜራውን የሚያዞረው ክፍል ማለቴ ነው። አዲስ ፍሉድ ሄድ፣ በፈሳሽ የሚለሰልስ ሄድ፣ ማየት ጀምሬያለሁ።

ቀን 6

አዲስ ሄድ ከመግዛቴ በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚህ ሙያ ያሳለፉ አንድ ካሜራማን ጋር ሄድኩ። ጋሼ እላቸዋለሁ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሄዱን ከመክሰስሽ በፊት እግሩን ጠይቂው» አሉኝ። ከዚያም ከጓዳ አንድ አሮጌ ትራይፖድ አወጡልኝ። ከባድ ነው። እያንዳንዱ እግር ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቱቦዎች አሉት። ከላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ 75 ሚሊሜትር መቀመጫ አለው።

የኔ ሄድ ጠፍጣፋ ስለሆነ እዚያ ላይ አይቀመጥም። እሳቸው ግማሽ ኳስ የመሰለ አስማሚ ሰጡኝ። ሄዱ በ3/8 ኢንች ብሎን እሱ ላይ ይታሰራል፣ ኳሱ ደግሞ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። ኮሪደሩ ጋ ተመለስኩ። ያው ካሜራ፣ ያው ሌንስ፣ ያው ሄድ። የተለወጠው እግሩ ብቻ ነው።

መመለሱ 4 ሚሊሜትር ሆነ። ሴንቲሜትር አይደለም፣ ሚሊሜትር።

ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ አላመንኩም ነበር። ስወቅሰው የነበረው ሄድ ንጹሕ ነው።

ቀን 7

ዛሬ ይህን ነገር በደንብ ልጽፈው፤ ከሁሉ በላይ የተማርኩት እሱን ነው።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው ትራይፖዱ እንዳይወድቅና እንዳይርገበገብ ብቻ ነው የሚፈልገው። ካሜራውን ያስተካክላል፣ ያስራል፣ ያነሳል። ቪዲዮ ግን ሌላ ነው። እኔ መያዣውን ስገፋ ሄዱ እምቢ እያለ በዝግታ ይዞራል። ያ እምቢታ ወደ እግሮቹ ይወርዳል። አንድ ቀጭን ቱቦ ያለው እግር ደግሞ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ እንደሚጠመዘዘው ትንሽ ይጠመዘዛል። መጀመሪያ እግሩ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ነው ካሜራው የሚዞረው። ስለዚህ ስጀምር ምስሉ ያመነታል። ሳቆም ደግሞ የተጠመዘዘው እግር ይፈታል፣ ምስሉም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ጎን ለጎን የተያያዙ ሁለት ቱቦዎች ይህን ጥምዘዛ አጥብቀው ይቋቋማሉ። ለቪዲዮ የተሠሩ ትራይፖዶች ብዙዎቹ እንደዚያ የሆኑት ለዚህ ነው። አንድ ቱቦ ያለውም ቢሆን ወፍራም ከሆነና የሚዘረጉት ክፍሎቹ ጥቂት ከሆኑ ጥሩ ይሠራል። አራትና አምስት ጊዜ እየተጣጠፈ ቦርሳ የሚገባው ለጉዞ ምቹ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ጣት ያክላል። በዚያ ላይ ረጅም ሌንስ ይዞ ሰውን መከተል ከባድ ነው።

ትራይፖድ ለመምረጥ የሚሄድ ሰው ኮሪደርም ወረቀትም አያስፈልገውም። እግሮቹን እስከሚሠራበት ቁመት ይዘርጋቸው። ከዚያ የላይኛውን መቀመጫ በሁለት እጁ ይዞ እንደ መሪ ግራና ቀኝ ያጣምመው። እጁ ላይ የሚሰማው መለጠጥ በኋላ ምስሉ ላይ የሚያየው ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ይህን አይነግርም። ያ ቁጥር ትራይፖዱ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም እንጂ ሲገፋ ምን እንደሚሆን አይናገርም። የኔ ትራይፖድ የካሜራዬን ክብደት ሁለት እጥፍ ይችላል ተብሎ ተጽፎበታል። ችሏል እኮ! አንድም ቀን አልወደቀም።

ሌላም ትንሽ ነገር። ሙሉ ቁመት ካላስፈለገ ወፍራሞቹን የላይ ክፍሎች መጀመሪያ መዘርጋት፣ ቀጭኖቹን የታች ክፍሎች መጨረሻ። በእግሮቹ መሃል ያለው ማገናኛም እግሮቹ እንዳይንሸራተቱ ስለሚይዛቸው ለስላሳ ወለል ላይ አይፈታም።

ስለ ካርቦን ፋይበርና አሉሚኒየም ብዙ ይባላል። ካርቦን ይቀላል፣ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ለሚዞር ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኔ ዋና ካሜራ ግን አንዴ ከተተከለ እስከ ማታ አይነሳም። ለሱ ከባዱ አሉሚኒየም ይሻለኛል። ጋሼም እንዳሻሽ ተጠቀሚበት ብለውኛል።

ቀን 9

አሁን ወደ ሄዱ።

ከፍሉድ ሄድ በፊት ካሜራ ይዞር የነበረው በደረቅ ሰበቃ ወይም በጥርሳም ማርሽ ነበር። አውስትራሊያዊው ኤሪክ ሚለር በ1946 የፍሉድ ሄድ ፓተንት ካወጣ ወዲህ ነገሩ ተለወጠ። ሐሳቡ የሚያምር ነው። በሚዞሩት ክፍሎች መካከል እንደ ግራሶ የወፈረ ፈሳሽ አለ። ቀስ ብለሽ ብትገፊው ቀስ ብሎ ይለቅሻል፤ በኃይል ብትገፊው በዚያው ልክ ይይዝሻል። የእጅ መንቀጥቀጥ ፈጣን ስለሆነ ፈሳሹ ይውጠዋል። ሰውን የሚከተለው እንቅስቃሴ ዝግ ያለ ስለሆነ ያልፋል።

ስሙ ፍሉድ ሆኖ ውስጡ ሰበቃ ብቻ የሆነ ርካሽ ሄድም ሞልቷል። መለየት ይቻላል። መያዣውን በአንድ ጣት በጣም በዝግታ ግፊው። እውነተኛው ወዲያው ይነሳል። የሰበቃው ግን መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ከዚያ ዘሎ ይነሳል። እኔ ደግሞ የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ መያዣው ላይ አስሬ በሱ እስበዋለሁ። ላስቲኩ ረዝሞ ረዝሞ በድንገት ካጠረ ሄዱ ይጣበቃል ማለት ነው። ላስቲኩ ርዝመቱን ይዞ ካሜራው ከተከተለው ሄዱ ጥሩ ነው። የኔ ሄድ አለፈ። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል፤ በከንቱ ጠርጥሬው ነበር።

ግን ሄዱን አንድም ቀን በትክክል አስተካክዬው እንደማላውቅ ዛሬ ገባኝ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትራይፖዱን በውሃ ልኩ ማስተካከል። ሳህን ያለው ትራይፖድ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከሥር ያለውን ማጥበቂያ ላላ አድርጎ፣ አረፋዋን መሃል አምጥቶ፣ መልሶ ማጥበቅ ብቻ። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ግን እግር ማስረዘምና ማሳጠር ነው። ውሃ ልኩ ካልተስተካከለ ፊት ለፊት ቀጥ ያለው መድረክ ካሜራው ሲዞር እየተንጋደደ ይሄዳል።

ቀጥሎ ድራጉን፣ ማለትም የፈሳሹን እምቢታ፣ በጎንም በላይና ታችም ዜሮ ማድረግ። ካሜራው ነጻ ሲሆን ወደ ፊት የሚያዘነብል ከሆነ ፕሌቱን ወደ ኋላ መሳብ፣ ወደ ኋላ ከሆነ ወደ ፊት መግፋት። ካሜራው ያለምንም እርዳታ አግድም እስኪቆም ድረስ ማለት ነው። ለዚህ ረጅም ተንሸራታች ፕሌት ያስፈልጋል። አጭሩ ፕሌት ረጅም ሌንስ ሲታሰር የሚንሸራተትበት ቦታ አይኖረውም።

ከዚያ የሞላው ተራ ነው፤ ካውንተር ባላንስ የሚሉት። ካሜራው አግድም ሲቆም ሚዛኑን ቢጠብቅም ወደ ታች ሲያጎነብስ ክብደቱ ይጎትተዋል። ሄዱ ውስጥ ያለው ሞላ ያንን ክብደት መልሶ ይገፋል። ደረጃዎቹን እየቀያየርኩ ሞከርኩ። አነስተኛው ላይ ሳጎነብሰውና እጄን ሳነሳ ካሜራው ወደ ታች ወደቀ። ትልቁ ላይ መልሶ ወደ ላይ ተነሳ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የትም አንግል ላይ ስተወው እዚያው ቆመ። ያቺን ጊዜ እጄ የቀለለው ነገር! ለካ እስከ ዛሬ ካሜራውን በክንዴ ስሸከም ነው የኖርኩት። ከሁለት ሰዓት ቀረጻ በኋላ ትከሻዬን የሚያመኝ ለዚህ ነበር።

ድራጉን የምጨምረው መጨረሻ ላይ ነው። ሌንሱ ሲረዝም ድራጉ ይጨምራል፣ ሲያጥር ይቀንሳል። በ200 ሚሊሜትር ከፍ ያለውን መረጥኩ።

ሄድ የሚመርጥ ሰው ከኪሎው ቁጥር ይልቅ ይህን ይይ፦ የራሱን ካሜራ ከነሌንሱ ከነማይክሮፎኑ ይዞ ሄዶ፣ ሞላው በየትኛውም አንግል ያቆመው እንደሆነ ይፈትሽ። በጣም ትልቅ ሄድ ላይ ትንሽ ካሜራ ማስቀመጥም ልክ አይደለም፤ ሞላው ይበረታበትና ሲያጎነብስ ወደ ላይ ይወረውረዋል። የካሜራው ቁመትም ይቆጠራል። እላዩ ላይ ሞኒተርና መብራት ከተጫነ የክብደቱ መሃል ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በኪሎ ያው ቢሆንም ሲያጎነብስ የበለጠ ይጎትታል።

ቀን 10

ማዞርን ተለማመድኩ። የቆየ መመሪያ አለ፦ ባዶ እይታን ከግራ ወደ ቀኝ ስታዞሪ አንድ ነገር ከምስሉ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለመድረስ 7 ሰከንድ ያህል ይፍጅበት። ከዚያ ከፈጠነ ምስሉ ይቆራረጣል። ሰውን ስትከተዪ ግን ዓይን ሰውየው ላይ ስለሚያርፍ መፍጠን ይቻላል።

እጄን በጣም አቅርቤ እይዝ ነበር። መያዣውን አስረዝሜ ጫፉን ስይዝ እንቅስቃሴው ወዲያው ለሰለሰ።

ቀን 12

ሞኖፖድ። ለሦስተኛው ካሜራ።

በሰው መሃል ለሚዘዋወር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። አንድ እግር ብቻ ስለሆነ ወንበር መሃል ይገባል፣ ሰው አያደናቅፍም፣ በሁለት ሰከንድ ይነሳል። ሥሩ ትንንሽ ሦስት እግሮች ያሉት ዓይነትም አለ፤ መጋጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ ስላለ ለስላሳ መዞር ይሰጣል። እነዚያ ትንንሽ እግሮች ግን ያታልላሉ። ሞኖፖዱ ራሱን ችሎ የቆመ ይመስላል። አይቆምም። አጋዤ ለአንድ አፍታ እጁን ሲያነሳ መውደቅ ጀመረ፤ እንደ ዕድል ሆኖ ቀለበው። «ከዚህ በኋላ ሞኖፖድ ላይ ካሜራ ካለ አንድ እጅህ እሱ ላይ ነው፣ ስልክም ቢጠራ» አልኩት። እሺ አለ፤ እሱም ደንግጦ ነበር።

ማረጋጊያውን ሞኖፖድ ላይ አላጠፋም። እዚህ የቀረ የእጅ መወዛወዝ ስላለ ይጠቅማል።

ቀን 13

ጂምባል ተውሼ ሞከርኩ። በእጅ ተይዞ ካሜራውን በሦስት ሞተር የሚያረጋጋ መያዣ ነው። አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን በ1970ዎቹ አጋማሽ ስቴዲካምን፣ ሰውነት ላይ ታስሮ ካሜራ የሚያረጋጋውን መደገፊያ፣ ሲፈጥር በክብደት፣ በሞላና በሚዛን የፈታውን ችግር ዛሬ ሴንሰርና ሞተር በእጅ በሚያዝ ዕቃ ይሠሩታል። እንግዶች ሲገቡ አብሮ እየተራመዱ ለመቅረጽ በጣም ያምራል።

ለኔ ዝግጅት ግን ዋና መደገፊያ አይሆንም። ካሜራውንና ሌንሱን ይዞ አንድ ሰዓት መቆም ክንድን ይጨርሳል። ሌንስ በተቀየረ ቁጥር ሚዛኑ እንደገና ይስተካከላል። ስራመድ ደግሞ ሞተሮቹ መንጋደድን እንጂ ከፍ ዝቅ ማለትን አያጠፉም፤ ያንን ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ራሴ ነው የማለሰልሰው። ለመግቢያው 15 ደቂቃ እጠቀምበታለሁ፣ ከዚያ ቦርሳ ይገባል።

ቀን 14

መድረኩን በሰፊው የሚይዘውን ካሜራ የት ላስቀምጠው? አይዞርም፣ አያጎነብስም። ለሱ ያ ያባረርኩት አሮጌ ትራይፖዴ ይበቃል። ማንም ስለማይገፋው አይጠመዘዝም። ምሰሶውን ዝቅ አድርጌ፣ ከሥሩ መንጠቆው ላይ የአሸዋ ከረጢት አሰርኩ። ከረጢቱ መሬት ነክቶ መቀመጥ አለበት። አየር ላይ ከተንጠለጠለ ይወዛወዝና ትራይፖዱንም አብሮ ያወዛውዛል።

አጋዤ በአዳራሹ በረንዳ መደገፊያ ብረት ላይ በክላምፕ (በመቆንጠጫ) እንሰረው ብሎ ነበር። ቦታ አይፈጅም፣ እይታውም ያምራል። እዚህ አንድ የበረንዳ ብረት ላይ አስረን በእጄ መታ አድርጌ ምስሉን አሳየሁት። ሰው ሲደገፍበት ምን እንደሚሆን አልጠየቀም።

ቀን 15

ፕሌቶችን አንድ ዓይነት የማድረግ ቀን። ትራይፖዱ አንድ ዓይነት፣ ሞኖፖዱ ሌላ፣ ጂምባሉ ሌላ ፕሌት ነበራቸው። ካሜራ ለማዛወር በየጊዜው ብሎን መፍታት ነው። አሁን ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መቀበያ አስገጠምኩ። ከትራይፖድ ወደ ሞኖፖድ ማዛወር ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው 5 ሰከንድ ሆነ። ከካሜራው ሥር ያለው ባለ 1/4 ኢንች ብሎን በመዞር ብዛት ይላላል፤ በየቀኑ ጠዋት ማጥበቅ ዝርዝሬ ላይ ገባ።

ቀን 17

አዳራሹን ለማየት ሄድን። ይህን ጉብኝት መዝለል አልወድም። ወረቀት ላይ ያለው ዕቅድና ወለሉ ሁልጊዜ አይስማሙም።

ለዋናው ካሜራ የተሰጠን ቦታ ከኋላ ያለ ከፍ ያለ የእንጨት መድረክ ነው። ከፍታው ጥሩ ነው፤ ታዳሚው ቆሞ ቢያጨበጭብ እንኳ ከጭንቅላት በላይ ያያል። ካሜራውን ተከልኩና አጋዤን አጠገቤ እንዲራመድ ነገርኩት። ምስሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ዘለለ። የአዳራሹ ሰዎች ደግሞ እዚያው መድረክ ላይ የድምፅ ባለሙያዎቹም ይቀመጣሉ አሉ። ሙዚቃው ሲጀምር እግራቸውን እንዳይመቱ መለመን አልችልም።

ሁለት ነገር ሞከርን። ከእግሮቹ ሥር ወፍራም ላስቲክ ምንጣፍ ማድረግ ትንሿን ንዝረት ቀነሰ፤ የወለሉን መርገብገብ ግን አላቆመም። ከዚያ ትራይፖዱን ከመድረኩ አውርደን ከጎኑ ሲሚንቶው ላይ ተከልነው፣ እኔ ብቻ መድረኩ ላይ ቀረሁ። ምስሉ ጸጥ አለ። እግሮቹ መድረኩን እንዳይነኩ በመካከል የአንድ መዳፍ ያህል ክፍተት ተውን። የጋሼ ትራይፖድ እግሮች በቂ ርዝመት ስላላቸው ሌንሱ አሁንም ከታዳሚው ራስ በላይ ነው።

አንዱን እግር በሌንሱ አቅጣጫ ወደ ፊት አደረግኩ። እንዲህ ሲሆን ስዞር እግሮቹን አላደናቅፋቸውም። በእግሮቹ ዙሪያ ወለሉ ላይ ነጭ ቴፕ ለጠፍን። መብራት ሲጠፋ ሰው የሚያየው እሱን ነው። ገመዱንም ከዳር እስከ ዳር በቴፕ አስተኛነው። መውጫ በሩ ፊት አንድም እግር እንዳይኖር አረጋገጥን።

ቀን 20

የመጀመሪያው ቀን። አዳራሹ ጠዋት ይቀዘቅዝ ነበር። ፈሳሹ ወፍሮ ሄዱ ከበደብኝ። አሥር ጊዜ ያህል ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አንቀሳቀስኩት፤ ለሰለሰ። ንግግሮቹ እስኪጀመሩ ድራጉን አንድ ደረጃ ቀንሼ ነበር፣ በኋላ መለስኩት።

ሦስተኛው ተናጋሪ ብዙ ይራመድ ነበር። እጄ አወቀው። ሲጀምር ጀመርኩ፣ ሲቆም ቆምኩ።

ከሰዓት ሙዚቃው ሲጦፍ መድረኩ ከእግሬ ሥር ይርገበገብ ነበር። ካሜራው ግን አልተነቃነቀም። እኔ ስርገበገብ እጄ መያዣውን እንዳያናውጥ በሁለት ጣት ብቻ ያዝኩት።

ቀን 21

አንድ ችግር። የሰፊው ካሜራ ትራይፖድ አንዱ የእግር ማጥበቂያ በምሳ ሰዓት ትንሽ ሸርተት አለ፤ ምስሉ በግማሽ ዲግሪ ያህል ተንጋደደ። ያየው አጋዤ ነው፣ ፈጥኖም አስተካከለው። ለምሳ ዕረፍት ስለሆነ ምንም አልጠፋም። ማጥበቂያው ጎን ትንሽ ብሎን አለች፣ በባለ ስድስት ጎን (አለን) መፍቻ ትጠብቃለች። መፍቻዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ከእንግዲህ ትራይፖዱ ላይ በገመድ ታስራ ትኖራለች።

ቀን 23

ቀረጻውን ከፈትኩት። ከሁሉ በፊት ሦስተኛውን ተናጋሪ ፈለግኩ። 35 ደቂቃውን ሙሉ፣ ሲቆም ብቻ እያየሁ አሳለፍኩት። ሁለት ቦታ ላይ ዘግይቼ ተከትዬዋለሁ፤ የኔ ስህተት ነው። ሲቆም ግን ምስሉ ይቆማል።

የጋሼን ትራይፖድ አጽድቼ፣ ከእግሮቹ መጋጠሚያ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ መልሼ ወሰድኩላቸው። የአንዱን ተናጋሪ ቀረጻ ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። ፊቱን አላዩም። መድረኩ ጀርባ ላይ ያለውን ቀጥ ያለ ምሰሶ ዳር አዩና «እግሩ ተናገረ?» አሉኝ።

ተናግሯል አልኳቸው። ነገ የራሴን ሁለት ቱቦ ያለው እግር ልመርጥ እሄዳለሁ። ሄዴንና ግማሽ ኳሱን ይዤ ነው የምሄደው።